«ይመስላል፤ ችግሩም እሱ ነው»

በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮ መደብደብ የጀመረ ሰሞን። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሊማር አይደለም፤ ዓይኑ እያየ «አላየሁም» ማለትን ሊለማመድ ነው! አትቆጡ። አራት ዓመት ልጅ አስተምሬ ነው የምናገረው።

ልጄ ፌበን የሥዕል ተማሪ ናት። እርሳስ መያዝ ከቻለችበት ቀን ጀምሮ ትስላለች። ደብተር ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ አንዴማ ጸሎት ቤት የወንበር ጀርባ ላይ። ትምህርቱ ሲያልቅ የመመረቂያ ሥራ የሚባል አለ። ተማሪው ሥራውን አዳራሽ ውስጥ ያቆማል፤ መምህራኑ እየዞሩ ይጠይቁታል። ካሳመናቸው ይመረቃል፤ ካላሳመናቸው ለከርሞ ይደግማል።

ፌበን ምን ብትስል ጥሩ ነው? ሐሙስ ሐሙስ ቤቴል ሰፈር እኛ ቤት የሚጸልዩትን ስድስት ሴቶች! በከሰል፣ በትልልቅ ወረቀት። ደግሞ እንዴት አድርጋ! የእህት አስቴር የጎደለች ጥርስ ሳትቀር አለች። እህት ዘነበች ስትጸልይ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ሰው የምታይበት ነገር አላት… እሱም አለ። ስንት ዓመት ሙሉ «እኔ? በፍጹም!» ስትል ኖራ በከሰል ተያዘች።

ሴቶቹ ይህን ሰምተው ማን ያስቀራቸዋል? በቀኑ ስድስቱም ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ጦር ኃይሎች ወርደን በሌላ ታክሲ ሄድን። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየንና፣

«ለቅሶ ነው?» አለ።

«ምርቃት ነው!» አለችው እህት አስቴር።

«ገና ነው» አልኩ እኔ።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ያየነው የሌላ ተማሪ ሥራ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ከአጠገባቸው ውሃ የሌለው ቧንቧ። ርዕሱ «ጥበቃ» ይላል። መምህራኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከበውታል። መምህር ናሆም የሚባለው፣ መነጽሩን አናቱ ላይ የሚሰቅለው (ዓይኑ እዚያ ይሆናል)፣ «ባዶነቱ ይጮኻል!» አለ።

እህት ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ውሃ ጠፍቶ ነው?»

«አይ፣ ሥራው ነው።»

«እና እኛ በር ላይ ያለው ምን አጠፋ?»

እውነቷን ነው። ቤቴል ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ደርድረን የምንቀመጠው ለካ ኤግዚቢሽን ኖሯል! ስንት ጊዜ መመረቅ ነበረብን… ሳናውቅ ቀረን።

የፌበን ተራ ደረሰ። መምህር ናሆም ከሩቅ አየ፣ ከቅርብ አየ።

«ይመስላል» አለ።

ደስ አለኝ።

«ችግሩም እሱ ነው» አለ።

ልጄ ከሰል የነካ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ሰው ሰውን ከመሰለ ለእኛ ምን ቀረልን? ጽንሰ ሐሳቡ የታለ?»

«የሚጸልዩ ሴቶች ናቸው» አለች ድምጿ እያነሰ። «የማውቃቸው ናቸው።»

«ማወቅሽ ራሱ አጠያያቂ ነው» አለች ከጎኑ የቆመችው መምህርት።

እንዴት ነው የሚያጠያይቀው? ፌበንን ያዋለደችኝ እኮ እህት አስቴር ናት!

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አለ ናሆም፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና። «ግን እጅ ብቻውን አያስመርቅም። ለከርሞ አስበሽበት ነይ።»

ለከርሞ! አራት ዓመት ጥፍሯ ከከሰል ጠርቶ አያውቅም።

ከዚያ ናሆም ለወጉ ያህል ወደ ታዳሚው ዞሮ፣ «አስተያየት ያለው?» አለ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አላውቅም። ቁሚ ሲሉኝ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን አነሳሁ።

«ጌታ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ…»

«እማ!» አለች ፌበን።

«…ስለዚህች ልጅ እጅ አመሰግንሃለሁ። ስለ መምህሮቿም አመሰግንሃለሁ። ቃል አብዝተህላቸዋል፤ አሁን ዓይናቸውን አብራላቸው…»

«አሜን!» አለ አዳራሹ፣ ከስድስት ቦታ።

ለካ ሴቶቹ ከሥዕላቸው ጋር ፎቶ ለመነሳት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥር ሄደው ቆመዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንዱ ጸሎት ከጀመረ ሌላው ባለበት ዓይኑን ጨፍኖ ይቀጥላል እንጂ «እዚህ ይቻላል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ተያያዙት! እህት አስቴር አለቀሰች። እህት ዘነበች፣ ኋላ ፌበን እንደነገረችኝ፣ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች… ልክ ከበላይዋ እንደተሰቀለችው።

ጨርሼ ዓይኔን ስከፍት መምህርቷ በስልኳ ትቀርጻለች። ናሆም አፉን በእጁ ይዟል።

«ፐርፎርማንስ!» አለ። «ሥዕሉ ለካ ማዘናጊያ ነው!»

«ምስሉና አካሉ ፊት ለፊት!» አለች መምህርቷ።

«የእናትየዋ ትወናስ? ስንት ወር ተለማመዱት?»

ፌበን አፏን ከፈተች። አየችኝ። መልሳ ዘጋችው። ኤ ሰጧት።

ታክሲው ውስጥ ሴቶቹ እልል አሉ። ቤት ገብተን ከፌበን ጋር ብቻችንን ስንሆን፣ «ጸሎቴ ቲያትር መስሏቸው ነው የሰጡሽ» አልኳት።

«እማ፣ በናትሽ! ጸለይሽ፣ ተመለሰልሽ፣ አለቀ!»

«የለመንኩት ዓይናቸውን እንዲያበራ ነው። ኤ አልለመንኩም።»

«ሄደሽ ከተናገርሽ ይሰርዙታል። ያስደግሙኛል!»

«በእግዚአብሔር ፊት የቆምነውን ትወና ነው ብለን እንመረቅ?»

አለቀሰች። እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት፤ እናት ነኝ።

«ሥዕልሽ ብቻውን ይበቃል» አልኳት።

«አንቺ ስለምታምኚ ነው።»

«አዎ። ስለማምን ነው የምሄደው።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ተነሥቼ ሄድኩ። መምህር ናሆም ቢሮው ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«መምህር፣ ትናንት የጸለይኩት ከልቤ ነው። ትወና አይደለም። ሴቶቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እዚያ የቆሙት ፎቶ ሊነሱ ነው። ልጄ የሠራችው ሥዕሉን ብቻ ነው። በሥዕሉ ፍረዱላት።»

ብዙ አየኝ። መነጽሩን ሳይቀር ከአናቱ ወደ ዓይኑ አወረደ። ተመስገን፣ ገባው አልኩ።

«እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አድረው እንኳን ከገጸ ባሕርይዎ አልወጡም!»

«ምን አሉኝ?»

እሱ ግን ወደ ጎረቤት ቢሮ እየጮኸ ነበር። «ነይ ቶሎ! ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ!»

መምህርቷ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ኧረ እኔ እውነቴን ነው…» አልኩ።

«ያቺን ቃል ይድገሙልኝ» አለች፣ ስልኳን እያስተካከለች።

ናሆም የውጤት ወረቀቱን ሳበና ከኤዋ ጎን የመደመር ምልክት አደረገባት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚያ ቢሮ ነጋ እንጂ አልጠራም። እኔ የድርሻዬን ተናግሬያለሁ፤ ልጄም ትመረቃለች፤ ጌታ ይመስገን። ጃንጥላዬን አንሥቼ በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ግን አላስችል አለኝና ዞርኩ።

«ሥዕሉስ፣ መምህር? ሥዕሉ እንዴት ነው?»

ቀና አለ።

«የትኛው ሥዕል?»