ዘጠና አንድ በመቶ ላይ

ሐሙስ ቀን፣ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ክቡር ሲክስተን አልግሬን የኮምፒዩተሬን አፕዴት ዘጠና አንድ በመቶ ላይ ሳለ አቋርጠው ማሽኑን አጠፉት። ማሽኑ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ አልተነሣም። በውስጡ ወንድሜ አርቪድ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ላሳየው የሰበሰብኳቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶግራፎች አሉ፤ የወረቀት ቅጂዎቻቸውን ባለፈው ጸደይ ምድር ቤታችን የገባው ጎርፍ አበላሽቷቸዋል። የልደቱ በዓል ቅዳሜ ነበር። “ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?” ብለው አሥራ አንድ ሰዎች ጠይቀውኛል። ለአሥራ አንዱም በአንድ ዓይነት ድምፅ መልሻለሁ፤ አላስቀመጥኩም።

በዓለም ላይ ያለ የመኖሪያ ሕንፃ ሁሉ የራሱ ሲክስተን አለው። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። በዬቭሌ ከተማ የእኛ ሕንፃ የኮምፒዩተር ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡ የወደብ ክሬን ነጂ ናቸው። ለምርመራ ሲመጡ የቤት ጫማቸውን በከረጢት ይዘው፣ በጠራራ ቀን ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ የሒሳብ ደብተራቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ተለውጦ አያውቅም፦ “ከኔ በፊት ማን ነክቶታል?”

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ማይብሪት አምና ማሽኗ አፕዴት መሀል ቀጥ ሲልባት ጠርታቸው ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደከሙ። ማሽኑ ተነሣ፤ ግን ፊንላንድኛ ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ተነሣ።

“ሲክስተን፣ ምን እያለኝ ነው?”

“ዋናው መሥራቱ ነው።”

“ምን እንደሚሠራ በምን ልወቅ?”

“ኧረ ማይብሪት፣ ድሮስ መቼ ታውቂ ነበር!”

ሰባት ወር በፊንላንድኛ ኖረች። አሁን አውቶቡስ በዘገየ ቁጥር ለሹፌሩ “ወደ ቀድሞ ሁኔታ በመመለስ ላይ” የሚለውን የማሽኗን ሐረግ በዚያ ቋንቋ ትነግረዋለች።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። አፕዴቱ ሁለት ጊዜ ከሽፎ ስለነበር ክቡርነታቸው ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ማተሚያውን ነቀሉ፤ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ገመድ አውጥተው “ይረጋጋ” እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ ሠላሳ ቆጠሩ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ቀጥሎ ግን “ቦታ ጠቦት ነው፣ ከባዱን ፋይል እንለይ” ብለው ፎቶግራፎቹን ከፈቱ። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በሒሳብ ደብተራቸው እየጻፉ ተመለከቱ።

“ይሄ ማነው?”

“አርቪድ።”

“ይቺስ ኮፍያ ያደረገችው?”

“ምን አገባህ?”

“የቴክኒክ ጥያቄ ነው፣ ዳግኒ።”

አንድም ፎቶ ሳይሰርዙ፣ ፋይዳ የሌላቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች ብቻ አጽድተው፣ አፕዴቱን ከስምንት ሰዓት በኋላ አስጀመሩት። ያንን አንድ ሰዓት ተኩል ባያባክኑ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ቁጥሩ ዘጠና አንድ ሲደርስ ሰዓታቸውን አዩ።

“ዘጠኝ ላይ የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነው።”

እዚህ ላይ የራሴንም ድርሻ መመዝገብ ግዴታዬ ነው። “ተራህ ይለፍ” አላልኩም። በሕንፃችን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የተናገረ ሰው የለም። ሠርግ ይሰረዛል፣ ቀብር ይራዘማል፤ ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ላይ የተያዘ የማጠቢያ ሰዓት ግን አይታለፍም። ግማሽ ሰዓት ካረፈዱ ተራውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ወሳጁንም ማንም አይወቅሰውም።

“እኔ እጠብቀዋለሁ” አልኩ።

“ባለሙያ በሌለበት በርቶ አይተውም” አሉና ማጥፊያውን ተጭነው ያዙት። “ምንም እንዳትነኪ!” ብለው ወጡ። እኔም፣ ሃያ ስድስት ዓመት የውርስ ሕግ ያስተማርኩ ሴት፣ አልነካሁም።

ቅዳሜ ወደ በዓሉ በመኪናቸው የወሰዱኝ እርሳቸው ናቸው። በጀልባ ክበቡ አዳራሽ አርባ እንግዶች ተቀምጠው፣ ነጩ የፊልም መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ክቡርነታቸው ግን ካፖርት መስቀያው ሥር ተንበርክከው፣ መብራታቸውን አብርተው ማሽኑን ይለማመጣሉ።

“ዳግኒ፣ ጀምሪ እንጂ!” አለ አርቪድ። “ዘጠና እስኪሞላኝ ነው የምትጠብቂው?”

ያኔ ሲክስተን ብድግ ብለው ባዶው መጋረጃ ፊት ቆሙና የሒሳብ ደብተራቸውን ገለጡ።

“ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፎቶዎቹ አልመጡም” አሉ። “ፎቶ አንድ። ጀልባ። አርቪድ እየቀዘፈ። ፊቱ የተቆጣ ይመስላል።”

“አልተቆጣሁም! ፀሐይ ነው!”

“ፎቶ አሥራ ሰባት። ባለኮፍያ ሴት። በጣም ቆንጆ። ሚስቱ ሳትሆን አትቀርም።”

“እናቴ ነች!” ብላ የአርቪድ ሚስት ጮኸች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

“ፎቶ ሃያ ሁለት። አራት ወንዶች፣ አንድ ዓሣ። ዓሣው ትንሽ።”

“ትንሽ? እኔኮ ነበርኩ!” አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፤ ተነሥቶም ዓሣውን በሁለት እጁ ለካ። ሌላው ተነሥቶ ልኩን አሳጠረው። ከፎቶ ሠላሳ አንድ አላለፍንም፤ ሁሉም የየራሱን ይተርክ ነበር። አርቪድ ዓይኑን በኬኩ ናፕኪን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ፦

“ፎቶውን ብታሳዪን ኖሮ ዝም ብለን አይተን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ይሄን ሰው ከየት አመጣሽው?”

ይህ ጥፋታቸውን አያቀልም። ከተማ መሀል ያለው የጥገና ሱቅ “ማሽኑን አምጪው፣ ፎቶዎቹ በአንድ ቀን ይወጡልሻል” ብሎኛል። አልወሰድኩትም። ጉዳዩ በክቡር ሲክስተን እጅ ነው፤ የማጠቢያ ተራ በሌላቸው ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ይመጣሉ፤ እኔም የቀረፋ ዳቦ እጋግራለሁ፤ ለምርመራው ሲባል ብቻ። ትናንት ሰባተኛው ማክሰኞ ነበር። ማሽኑ አልተነሣም፤ አንድም ፎቶግራፍ አልወጣም።