የዋርሳዬ ብራቾ

በየሰፈሩ የፋብሪካ ሥራ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ ወንበር ገዝቶ ገና ሳይቀመጥበት ይፈታዋል። መልሶ ሲገጥመው አንዲት ቡሎን ትተርፈውና «ድሮም አታስፈልግም ነበር» ይላል። በእኛ ሰፈር ይህ ዕጣ የወጣው ለሚስቴ ወንድም ነው።

ክቡርነታቸው በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። (ዘመዴ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ።) በሠላሳ ዓመት ሥራው የማንንም ሱሪ አጥብቦ አያውቅም። አምና ግን መካኒኮችና ወዳጆቻቸው በሚወዳደሩበት ሜዳ፣ ለፍጥነት ያዘጋጃት መኪናው ኩርባው ላይ ተሽከርክራ ፊቷን ወደ ተመልካች አዞረች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ኩርባ በደህና ማለፍ የሕይወቱ ጉዳይ ሆነ። ጥፋቱን የጣለው በኋላ ጎማዎቹ ብራቾዎች ላይ ነው። «እኔው እሠራቸዋለሁ» አለ።

እኔ ብራቾ ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቧንቧ ሲበይድ አይቼ «ምንድን ነው?» አልኩት። ይህች ጠያቂነቴ ናት ጉድ ያፈላችብኝ።

«የጎማው አቋቋም የሚለካው ሰው ተቀምጦባት ነው። ግባ!»

አራት ወር ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ መሪ ጨብጬ የትም ሳልሄድ ተቀመጥኩ። ከሥር «አትነቃነቅ! ፀጉር ታህል ቀረች!» ይለኛል። ሐኪሜ አሥር ኪሎ ቀንስ እንዳለኝ ስነግረው ተስፈንጥሮ ወጣ።

«ግማሽ ኪሎ ብትቀንስ ልፋቴ ገደል ገባ!»

«ታዲያ ማስተካከያ ቡሎን ለምን አታደርግለትም?»

«ማስተካከያ ለሚጠራጠር ሰው ነው» ብሎ የብራቾዎቹን ርዝመት በብየዳ ዘጋው።

በውድድሩ ጠዋት ራሱ ሞከራት። መኪናዋ ወደ ጎን ጎተተችው። ወርዶ ጎማውን አየ፣ ራሱን አየ፣ ከዚያ ሆዴን አየ። እሱ አምሳ ስምንት ኪሎ ነው፤ እኔ ዘጠና ስድስት። ልክ ሲወስድ የኖረ ሰው የሌላ ሰው ልክ ወስዷል።

«አሸዋ ጫንባት» አልኩ።

«ጭነት ክልክል ነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቁልፉን ዘረጋልኝ። «በል አንተ ንዳ፣ ወንድሜ።»

በዕድሜዬ በሰዓት ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ አላውቅም። መጨረሻ ወጣሁ። ኩርባዋን ግን መኪናዋ ጸጥ ብላ አለፈቻት። እሱ አጥሩን ዘሎ «አየሃት? ፀጉር ታህል አልተንሸራተተችም!» እያለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ፤ ምን ልደብቅ።

ሐኪሜ ዛሬም ቀንስ ይለኛል። የከርሞው ውድድር ግን እየደረሰ ነው። እራት ጨርሼ ሚስቴ ሳህኑን ልታነሳ ስትል እጇን ያዝ አደርጋለሁ።

«ትንሽ ጨምሪልኝ፤ የወንድምሽ ነገር ነው።»