ሃፍታይ የበቆሎ ብናኝ በሥጋ ቤት ፍሪዘር እንዳሳደረ የሚናገር ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ አቶ ሔሩይ በመቐለ የበቆሎ ምርምር ጣቢያ ላይ በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ የጣቢያው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት በጠፋ በማግሥቱ፣ ብልቃጥ ጠባቂው፣ ቴርሞሜትር አንባቢው፣ የፍሪዘሩን ቁልፍ በአንገቱ ያሰረው ቴክኒሻን ሃፍታይ ለዘመቻ ተነሣ።

የተነሣበትም ነገር ይህ ነው። ድርቅ የሚችለው በቆሎ ቀድሞ አብቦ ደርቋል፤ ዘሩም ከመጋዘን አልቋል። የታጨችለት ፍሬያማ በቆሎ ግን ጸጉሯን ገና አላወጣችም። ስለዚህ ሃፍታይ የወንዱን አበባ ብናኝ በሦስት ብልቃጥ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ብናኙ ከሞቀ ይሞታል፤ የሃፍታይ የአራት ዓመት ድካምም አብሮት ይሞታል።

አቶ ሔሩይም ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ሁሉም ይታገሥ።»

ብናኝ ግን መታገሥ አያውቅም። ሃፍታይም ጊዜው ጾመ ፍልሰታ መሆኑን፣ የሥጋ ቤት ፍሪዘር ሁሉ ባዶውን እንደሚበርድ አስቦ፣ ብልቃጦቹን በበረዶ ሳጥን ይዞ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሮማናት አደባባይ ዘመተ። ሠራዊቱም እነዚህ ነበሩ፦ ሹፌሩ፣ ዓይደር የሚወርዱ አንዲት ወይዘሮ፣ ለጾም ፍቺ የገዙት አውራ ዶሮ።

የሥጋ ቤቱ እመቤት ወይዘሮ ለተገብርኤል ከደጃቸው ቆመው ዐወጁ፦ «ስማ ወደይ፣ ስማ ልጄ። ዱቄትህን ከበጉ ጭን በላይ አስቀምጥ፤ ሌላ ሥጋ የለኝም። በየሰዓቱ እየመጣህ ክዳን ብትከፍት ግን አውጥቼ ለዶሮ እሰጠዋለሁ።»

ስድስት ቀን አደረ። ሃፍታይም ክዳን አልከፈተም፤ መብራት እንዳይጠፋ ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሥጋ ቤቱን አምፖል ሲጠብቅ ሰነበተ።

በሰባተኛው ቀን በቆሎዋ ጸጉር አወጣች። ብናኙ ማሳው ሲደርስ ግን ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ዐወጁ፦ «ከሥጋ ጋር ያደረ ነው፤ እኛ ጾመኞች ነን። ከዚህ የሚወጣው በቆሎ ረቡዕና ዓርብ ይበላል ወይ? መጀመሪያ ይኽን ንገሩን።» አቶ ሔሩይም ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም ጸሐፊ ለመምረጥ ተቀመጠ፤ በረዶውም ይቀልጥ ነበር።

ሃፍታይ ይህን አይቶ፣ ብልቃጦቹን በብብቱ ሳይሆን በበረዶው ውስጥ ይዞ፣ ብቻውን ወደ ማሳው ገብቶ ዐወጀ፦ «ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። እሸት ሲደርስ ግን ማናችሁም እንዳትለምኑኝ።» ብናኙንም በጸጉሯ ላይ አራግፎ፣ በወረቀት ከረጢት ሸፈናት።

በጥቅምት ልብሷ ሲገለጥ ግማሽ ራሷ በራ ነበር፤ በቀረው ግን ፍሬ ተሰክቶ ተገኘ። ለዘር ይበቃል።

እንግዲህ ከበግ ጭን ጋር ያደረውን ሙሽራ ሳይሞቅ ለሙሽራይቱ ያደረሰ፣ ኮሚቴ ያልበገረው፣ ከሞተ አባት ልጅ ያሳየ ሃፍታይ ክብር ይገባዋል። ሠራተኞቹም ፍሬውን ሊያዩ ተሰልፈው መጡ፤ ቀኑም ዓርብ ነበርና፣ ከሩቅ እጅ ነሡ።