የጂንካ ኳስና የጋሽ ደጀኔ ፊሽካ

ስለ ኳስ ቡድናችን ታሪክ እውነቱን ከፈለግህ ሌላ ሰው ጠይቅ ወዳጄ። እኔ የማውቀው የሆነውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያን ጊዜ መሀል ከተማ ነበር። የሌላ አገሩ በአጥር ይከበራል፣ የኛው በላም ነበር የተከበበው። ጠዋት ከብት ይግጥበታል፣ ከሰዓት እኛ ኳስ እንራገጥበታለን፣ አውሮፕላንም ደስ ሲለው ያርፍበታል። ሦስታችንን የሚያስማሙን ዘበኛው ጋሽ ደጀኔ ናቸው። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ከፊሽካው በኋላ ሜዳ ላይ የተገኘ ከብት ይያዛል። ባለቤቱም የሚያስለቅቀው የሜዳውን ሣር በማጭድ አጭዶ ነው። ታዲያ ፊሽካ ሰምቶ የማይሮጥ ፍጡር በጂንካ ይገኛል? ላሞቹ እንኳ እረኛ ሳይነዳቸው ውልቅ ይላሉ። አንዲት ጥጃማ ፊሽካ ሰምታ ከጊዜዋ በፊት ተወለደች ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ እንጂ።

ኳሳችን የጨርቅ ነበር። ጨርቁን የሚያዋጣው አምበላችን ኤርምያስ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው። ኳሱ በተቀደደ ቁጥር የከተማው ሱሪ ያጥራል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ታየ፣ ቀጥሎ ባት ታየ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሱሪማ ካንዱ የኳስ ወቅት በኋላ ቁምጣ ሊባል ምንም አልቀረውም። ደንበኛ ሸሸ፣ የኤርምያስ ሚስትም፣ “ወይ ኳሱን ወይ ጎጆህን ምረጥ” አለችው።

በዚህ መሀል ከላይ የቆዳ ኳስ ተላከ። አንድ ብቻ! ለጂንካ ነው ለጎረቤታችን ለገዘር? ያመጣው ሹፌር መንገድ ላይ ረስቶታል። “ለአንዳችሁ ነው” ብሎ ጥሎልን ሄደ። ጓድ ሊቀመንበርም፣ “ተጫወቱና ያሸነፈ ይውሰድ” ብለው ወሰኑ። ኤርምያስ ሰበሰበንና፣ “ይሄን ኳስ ካጣን እኔ መቀሴን እሰቅላለሁ፣ እናንተም ቡድናችሁን ቅበሩ” አለን።

ገዘሮች ከደጋው ወረዱ። አቤት ጉልበት! ዳኛው የከብት ሐኪሙ ነበሩ። ፊሽካ የላቸውም፣ “ቁም!” እያሉ ነው የሚያጫውቱት። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፊሽካ ተነፋ። የጋሽ ደጀኔ!

በረኛችን ላሞቹን ቀድሞ ወጣ። ኤርምያስም ወጣ፣ ቡድኑም ወጣ፣ ተመልካቹም እንዳለ ሜዳው ዳር ያለው ጎሚስታ ቤት ውስጥ ገባ። የገዘሩ አጥቂ ኳሱን እግሩ ስር ይዞ ብቻውን ቀረ። “እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?” እያለ በእርምጃ ሄዶ ባዶው ጎል ውስጥ አስቀመጣት።

አውሮፕላኑስ? እዚህ ላይ ነው የኔ ጭንቅላት የሚዞረው። ግማሹ ሰው ደመና ውስጥ ገብቶ ተመለሰ ይላል። ግማሹ ወፍም አላየሁ ይላል። እኔ ግን አይቻለሁ። ወይም ያየ ሰው አይቻለሁ።

ጭቅጭቁ ቀለጠ። “ፊሽካ ተነፍቷል!” እንላለን። “ዳኛው መች ‘ቁም’ አሉ? እናንተ በፊሽካ የምትነዱ ከብቶች!” ይላሉ። “አውሮፕላን አይታችሁ የማታውቁ!” እንላለን። “እናንተስ አሁን አያችሁ?” ይላሉ። ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ገና “ጎሉ ይቆጠራል፣ አይቆጠርም” ሲባል ጋሽ ደጀኔ ኳሱን ብብታቸው ስር ይዘው ከች አሉ።

“ከፊሽካ በኋላ ሜዳ ላይ ተገኝቷል፤ ተይዟል። ባለቤቱ ማነው?”

የገዘሩ ሽማግሌ እጃቸውን ሽቅብ ሰደዱ። “የኛ ነው! አሸንፈናል!”

“ጥሩ። ማጭድ ይዘው ይምጡ።”

የሽማግሌው እጅ ቀስ ብሎ ወረደና ራሳቸውን አከከ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። “እንግዲህ... እውነት ለመናገር ፊሽካ ተነፍቷል። ጎል አይባልም። ኳሱ የናንተ ነው ወንድሞቼ።”

“ኧረ በፍጹም!” አሉ የኛው ሊቀመንበር። “ንጹሕ ጎል ነው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!”

“ብኖርም አላድናትም ነበር” አለ በረኛችን።

እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ? ሁለት ቡድን ለመሸነፍ ሲማማል! ዳኛው፣ “እኔ ከብት ብቻ ነው የማክመው” ብለው እብስ አሉ።

ኤርምያስ የሊቀመንበሩን ያጠረ ሱሪ አየ። ከዚያ ተነሳና፣ “የኛ ነው፤ አጭዳለሁ” አለ።

ያን ሁሉ ሜዳ ብቻውን ጀመረው። እኛ ጓደኞቹ ድንገት ሥራ በዛብን፤ እኔ እንኳ ወገቤን አመመኝ። ከገዘር ግን ያ አጥቂ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። “ጎሏን ያገባሁት እኔ ነኝ። ግማሹ ሣር የኔ ነው” አለው። ይሄ ሲወራ የሁለቱም ቡድን ሰው በሃፍረት እየተጎተተ መጣ። አጭደን ስንጨርስ ኳሱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ሳምንት ጂንካ፣ ሳምንት ገዘር እያደረች ቀረች። የከተማው ሱሪም ወደ ቁርጭምጭሚት ተመለሰ።

መተባበር ደግ ነው ብዬ ልጨርስልህ ነበር። ግን አንድ ቀን ጋሽ ደጀኔን፣ “ለመሆኑ ያን ዕለት የትኛው አውሮፕላን ነው የመጣው?” ብላቸው፣ “ድምፅ ሰምቻለሁ” አሉኝ። ለካ እኚህ ሰው ሣሩ በረዘመ ቁጥር ድምፅ ይሰማቸዋል! ያጨድነውስ የት ገባ? እሳቸው ግቢ፣ እንደ ጎጆ ተከምሮ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። ለጋሽ ደጀኔ በሰማይ ያለው አውሮፕላኑ ነው። ላማቸውማ እዚሁ ምድር ላይ፣ ሁለት ቡድን ያጨደላትን ሣር እየበላች፣ ለወተቷ አንድ ባልዲ አልበቃ ብሎ ነበር።