መረብ ስንት በሬ ነው?

በእኛ አገር ሰው እንዳለ ፎቶ አይነሳም። ሰቆጣ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው «እንዲሁ እንደመጣሁ አንሳኝ» ብሎኝ አያውቅም። ግድግዳዬ ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ተንጠልጥለው ነበር፤ የከተማው ጎልማሳ ግማሹ በእነሱ ውስጥ አልፏል። ቀጭኑን ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ አጠብለታለሁ፣ ወፍራሙ ሳይቆልፈው ይነሳል፣ የአጭሩ እጅጌ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን እንደ ማታለል አትቁጠሩብን። ፎቶ እኛ ዘንድ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባደፈ ልብስ አይቀበሉትም።

የእኔ ጣጣ የመጣው ኮት የማይለብስ ነገር አንሳ የተባልኩ ዕለት ነው።

ነገሩ ከሚሊኒየሙ ወዲህ ነው። ተከዜ ተገድቦ ውሃው ወደ አበርገሌ ቆላ ሲተኛ፣ ትናንት ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ልጆች ዓሣ አጥማጅ ሆነው ቁጭ አሉ። ከእነሱ አንዱ ደሳለኝ ነው። የአባቱ ማሳ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ በሬዎቹ ተሸጠው ቤት ተሠርቶባቸዋል፤ እሱ ግን መረቡንና መንጠቆውን ይዞ በታንኳ ማሳው አናት ላይ ይውላል። «እርሻዬን አልለቀቅሁም፣ ከላዩ ነው ያለሁት» ይላል ሲቀልድ። የዓሣ ደንበኛው ስለነበርኩ እንተዋወቃለን፤ ልጁን በጣም እወደው ነበር።

ይህ ልጅ ዝናሽ የምትባል የፃግብጂ ልጅ ወደደ። ገበያ ላይ ነው ያያት፤ እሷም አልጠላችውም። ወጉ አይቀርምና ሽማግሌ ተላከ። መሪው ቄስ ሞገስ ነበሩ፤ አንደበታቸው የተባረከ፣ የተጣላ ጎረቤት ሁሉ የሚፈልጋቸው ሰው። የልጅቱ አባት አያ አራጌ ሽማግሌዎቹን እንደ ደንቡ ደጅ አቁመው ልጁ ምን እንዳለው ጠየቁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የወንዱ ወገን አንድ በሬ ካለ የሴቷም ወገን አንድ በሬ ይላል፤ ጎጆ የሚቆመው በእኩል ነው። ቄስ ሞገስ እውነቱን ተናገሩ። በሬ የለውም፣ መረብ ግን አለው አሉ።

አያ አራጌ በዕድሜያቸው መረብ አይተው አያውቁም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ግን በማያውቁት ነገር መዳር ፈሩ። ብዙ አሰቡና፣

«መረብ ስንት በሬ ነው?» አሉ።

ቄስ ሞገስ ቅኔ ተቀኝተዋል፣ ደም አድርቀዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። አያ አራጌ አክለው፣ ጥማድ በሬ ያለው ሌላ ጠያቂ ከጽጽቃ እንደመጣና እስከ ጥምቀት ብቻ እንደሚታገሡ ነገሯቸው። እስከዚያ ንብረቱን ማየት አለባቸው። ያንን ሁሉ መረብ ተሸክሞ ፃግብጂ መውጣት ደግሞ ሥራ መፍታት ነው። ፎቶ የሚል ሐሳብ የመጣው እንዲህ ነው፤ ደሳለኝም ከመረቦቹ አንዱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ሱቄን በዓሣ ሽታ ሞልቶ ከች አለ።

እኔ የማውቀው ሙሽራ ማንሳት ነው። ስለዚህ መረቡን እንደ ሙሽራ አነሳሁት። ሰማያዊው መጋረጃ ላይ ሰቀልኩት፣ ግራና ቀኙ የፕላስቲክ አበባ አቆምኩ፣ በፍላሽ ፊት ለፊት አበራሁበት። መንጠቆውን ለብቻው፣ ካሜራዬ እስከቻለው ድረስ ተጠግቼ አነሳሁ። ፊልሙ ወልድያ ሄዶ ታጥቦ ሲመጣ ደሳለኝም እኔም በጣም ወደድነው። ቄስ ሞገስ ብቻ አንዴ አቅንተው አንዴ ዘቅዝቀው አዩት።

አያ አራጌ ፎቶውን ተቀብለው አገላበጡት። ፍላሹ መረቡን አንጥቶት ነጭ ጭጋግ አስመስሎታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቄስ ሞገስ ሲነግሩኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

«ይህ እኛም ቤት አለ» አሉ አያ አራጌ። «ጤና ጣቢያ በነጻ ያደለን አጎበር ነው። ልጄን ሊያገባ የመጣው በወባ አጎበር ነው?»

መንጠቆው ደግሞ ተጠግቼ ስላነሳሁት ሥጋ የሚሰቀልበት አክሎ ነበርና፣ ልጁ ሉካንዳ ቤት አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ያን ቀን በሙያዬ አፈርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰው ሲነሳ ቁመቱ ይታወቃል፤ ሰውን ሁላችንም አይተነዋል። ያልታየ ዕቃ ግን አጠገቡ የታወቀ ነገር ከሌለ አጎበርም ይሆናል፣ ሉካንዳም ይሆናል። ይህን የሚያህል ነገር ሳልገነዘብ ስንቱን ዓመት «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» እያልኩ ኖሬአለሁ። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቆላው ወረድኩ።

መጀመሪያ የደረስኩት በቀትር ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃው ያንጸባርቃል። ካሜራዬን አስር ጊዜ ተጫንኩ፤ ወልድያ ሄዶ ሲመጣ ነጭ ውሃና ነጭ ሰማይ፣ በመሐሉ የጠፋ መረብ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ። ያንን እንኳ ለሽማግሌዎቹ አላሳየሁም። ደሳለኝ አልተቆጣኝም፤ ታንኳውን ሲጠግን ዋለ፣ ምሳም አልበላ አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥምቀት ቀርቧል፣ ባለበሬው ደግሞ የትም አልሄደም።

በመጨረሻ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅሁ። መረቡን እርጥቡን ከውሃ አውጥተን ጥቁር ድንጋይ ፊት ዘረጋነው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣበት እያንዳንዱ ቋጠሮ ጠብታ ይዞ ብቅ አለ። እንዲህ ያምራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ብዙ አነሳሁ። መጨረሻ ላይ የመረቡ ዓይን ስፋት እንዲታወቅ ብዬ ደሳለኝን መዳፉን ወደኔ አዙሮ ጣቶቹን በመረቡ ውስጥ እንዲያሾልክ ነገርኩት። ያቺኛዋ ፎቶ ስትታጠብ መዳፉ ጠርቶ መረቡ ትንሽ ደብዝዞ ወጣ። ልጥላት ነበር፤ ቄስ ሞገስ ናቸው ከሌሎቹ ጋር የቀላቀሏት።

የጥምቀት ዋዜማ ሲቃረብ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ አያ አራጌ ያነሳው ሰው ራሱ ይምጣ ብለው ነበር። ደጃቸው ላይ ቆምን። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። የምኮራበትን፣ ቋጠሮው ሁሉ የሚቆጠርበትን ፎቶ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ አለፉት። መጨረሻዋን ሲያነሱ ግን እጃቸው ቆመ። ወደ ፀሐይ አዞሯት፣ ለሚስታቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሚስታቸውም ጎንበስ ብለው አዩ።

«የማን እጅ ነው?» አሉ አያ አራጌ።

«የልጁ» አልኩ።

«መረቡ ላይ ያለው?»

«አዎ፣ የደሳለኝ ነው።»

መዳፉ መሐል ያለውን የደነደነ ነገር በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ያ የእርፍ እንደሆነ ያውቁታል፤ የራሳቸውም መዳፍ ላይ አለ። ጣቶቹ ላይ ያለውን፣ ክር የበላውን አዲስ ቁስል ግን አላወቁትም። የመረቡ ገመድ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ወደ ቄስ ሞገስ ዞሩ።

«አባ፣ መረብ አላውቅም፤ እንዳይዋሹኝም እፈራለሁ። ይህ እጅ ግን መሬቱ ሲሄድበት ተጣጥፎ አልተቀመጠም። እንደገና ነው የተላጠው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ገባን፣ ቄስ ሞገስም ተቀመጡ። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ፤ ዝናሽ ናት ብዬ ገመትኩ። ደስ አለኝ፣ ዓይኔም እርጥብ ሆነ። ትንሽ ደግሞ ከፋኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ የወረድኩት ለመረቡ ነበራ።

ሠርጉ በጥር መጨረሻ ሆነ። አያ አራጌ ያቺን ፎቶ ከካባቸው ውስጥ እያወጡ ለእንግዳ ሁሉ አማቻቸውን ያሳዩ ነበር። አንድ ጊዜ ጠጋ ብዬ ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ሰው ግራ እንዳይጋባ ብለው መረቡን በአውራ ጣታቸው ሸፍነውታል።