ከሎሚው በኋላ የመጣው ሳሙና

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይቺ ደግሞ ለላይክ ስትል ፈጠረችው" ትሉኛላችሁ። ምነው ፈጠራ በሆነ!

ለማታውቁኝ፦ በኬሚስትሪ ተመርቄ ቤት ተቀምጬ ቆይቼ፣ አሁን የመምህርነት ዲፕሎማ እየተማርኩ ነው። ለልምምድ ጂንካ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ መጥተው ከኋላ ይቀመጡና ሳስተምር ያዩኛል። እሳቸው ካላሳለፉኝ ዲፕሎማ የለም። ዲፕሎማ ከሌለ ላይሰንስ የለም፤ ሥራም የለም።

ባለፈው ሲመጡ ከፍርሃቴ የተነሳ ለልጆቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳውን ሳስተምር ቆየሁ። ወደቅኩ። ዛሬ የዘንድሮው የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

አባቴ በትውልድ ከተማዬ ገዘር፣ ልጆቹ ጥያቄዬን እንዲመልሱልኝ ቸርች ሙሉ ሰው አስጸልዮልኛል። እኔ ግን በጸሎቱ ብቻ አልተማመንኩም።

ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ትምህርት ለዚያው ክፍል ደጋግሜ አስተማርኩ። አሲድና ቤዝ። ሎሚ ሰማያዊውን ሊትመስ ወረቀት ያቀላል፤ የአመድ ውሃ ቀዩን ሰማያዊ ያደርጋል። ልጆቹ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንዴም አልሰለቹም።

ሱፐርቫይዘሩ ገቡ። ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

"የዛሬው ርዕሳችን..." ከማለቴ፣

"አሲድና ቤዝ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳላወጣ "ይቀላል!" አሉ።

ጥያቄው ሳይመጣ መልሱ ይመጣል። አስተማሪዋ ተማሪዎቿ ላይ ለመድረስ ስትሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሱፐርቫይዘሩ ብድግ አሉ። "ጎበዞች ናችሁ" ሲሏቸው ደስ አለኝ፣ ሞኟ። "እስቲ የሳሙና ውሃ ውስጥ ብንነክረውስ?"

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

ሳሙና ልምምዳችን ውስጥ የለም። ሳሙናም እንደ አመድ ውሃው ቤዝ ነው፤ ቤዝ ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ቢኖር ግን ባልቸገረው።

ካኮ ከምትባል ከተማ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ በጣም ነው የምወዳት። እኔን ለማዳን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እሱን ገና አልተለማመድነውም።"

ይባስ ብላ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞረች። "ትናንት በደንብ ነው ያስተማረችን። ዛሬ ስለፈራች ነው።"

ጠበቃዬ ናት እንግዲህ።

ሰውዬው በር ላይ ቆም ብለው "ልጄ፣ ያጠኑት አንቺን ነው፤ ኬሚስትሪውን አላጠኑትም። ለከርሞ ደግሞ ሞክሪ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መውደቁንስ ለምጄዋለሁ። ሳምንት ሙሉ አስተምሬ አንድ ልጅ እንኳ አልገባውም። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ።

ዓይኔን ሳልጠርግ አባዬ ደወለ።

"ልጆቹ መለሱልሽ?"

"ሁሉንም፣ አባዬ። ሳልጠይቃቸው።"

"ጌታ ይባረክ! እንግዲያው እሁድ ወጥቼ እመሰክራለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ገዘር ያላችሁ ፎሎወሮቼ፣ እሁድ የቸርቹን ማይክ የሚነቅልልኝ ማን ነው?