የፅንሱ ጠበቃ

በፊልም ከልቡ የሚናደድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም ሻይ ባዘዝኩበት። ወዳጄ ተስፋዬ ይባላል፤ ሞያሌ በኬንያ በኩል ትንሽ ሆቴል አለው።

የዚያን ቀን በሆቴሉ ዲቪዲ የከፈተው ፊልም ላይ አንድ ሳይንቲስት የፅንስ ዘረመል ነካክቶ ውሃ የማይጠማው ሰው ይፈጥራል። አጠገቤ የተቀመጡት ከጎልቦ ቆላ የመጡ ግመል አርቢ፣ "ሳዋ ሳዋ! ደግ ነው! እንዲህ ያለውን ለእኛ ይላኩልን፤ ዘንድሮ ግመሉም ጠምቶታል" አሉ።

ተስፋዬ ግን ጠረጴዛውን ደበደበው። "ግፍ ነው እንጂ! ያልተወለደውን ልጅ ማን ጠየቀው? ሰው እንዴት ሳይጠየቅ ይነካል?" እያለ ሻዬ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። እኔ ስኳር አልወድም። ግን ማን ጠየቀኝ?

ንዴቱ በረድ ሲልለት ስለ ራሱ ልጅ አነሳ። ሚስቱ ሰናይት ነፍሰ ጡር ናት።

"ወንድ ነው" አለኝ። "እዚህ ተወልዶ የኬንያ ወረቀት ያወጣል፤ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሮ ክርስትና ይነሳል፤ ናይሮቢ ሕክምና ይማራል። ከዚያ የጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ ያገባል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።"

"ከልጅቷ ጋር?"

"ምን ነካህ፣ ከአባቷ ጋር ነዋ!"

ይሄኔ ሰናይት ከሆስፒታል ገባች፤ አልትራሳውንድ ታይታ መመለሷ ነው። እየሳቀች፣ "ሴት ናት አሉኝ" አለችው።

ተስፋዬ የስኳሩን ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ቅድም ለፅንሱ በተሟገተበት ድምፅ ጮኸ፦

"እኔ ሳልጠየቅ?!"